ቤተልሔምን ማን አገኛት?

የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ፤ «መምህርህ ማን ናቸው?» የሚል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር አንድ ሰው ድጓ አውቃለሁ ስላለ ብቻ መሪጌታ አይባልም። ከማን እንደ ተማረ፣ መምህሩም በተራቸው ከማን እንደ ተቀበሉ፣ በየትኛው ጉባኤ ፊት ቆሞ እንዳስመሰከረ ይጠየቃል። የሚጠራው መምህር ከሌለው ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ዕውቀቱ ሥር እንደሌለው ይቆጠራል። ይህ ሥርዓት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጠብቃል፤ ትምህርቱ እንዳይበረዝ፣ ያስተማረውም ሰው ስሙ እንዳይጠፋ።

እዚህ የምተርከው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው በተጠየቀበት ዘመን ምን እንደ ተገኘ፣ ሳይጠየቅ በታለፈበት ዘመን ማን እንደ ተበደለ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። መነሻችንም መድረሻችንም ጋይንት ውስጥ ያለችው የቤተልሔም ደብር ናት። ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዙር አምባ፣ ቤተልሔም፣ ቆማ

የሊቃውንቱ ትውፊት ነገሩን ከ6ኛው መቶ ዓመት፣ ከዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ይጀምረዋል። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን እጅ እንደ ተገረፈ፣ ተስፋ ቆርጦ ሲሸሽም ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቅ ትል አይቶ እንደ ተመለሰ የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም። ይህ ታሪክ በየጉባኤ ቤቱ የሚነገረው ትምህርት የከበደውን ልጅ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ለመምህሩም ማስጠንቀቂያ አለው። አእምሮ የለውም ተብሎ የተገረፈው ልጅ የአገሩ ሁሉ መምህር ሆኗልና፣ ሰውን ቶሎ ገምቶ መጣል ከባድ በደል ነው።

በዚሁ ትውፊት መሠረት ያሬድ ዝማሬና መዋሥዕትን ያስተማረው ጋይንት ውስጥ በምትገኘው በዙር አምባ ነው። ዛሬም ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው እዚያው ነው። ቅዳሴ የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ድጓ የሚሻ ግን ከትግራይም ይነሣ ከሸዋ፣ ከጎጃምም ይነሣ ከወሎ፣ መጨረሻው ቤተልሔም ናት።

የድጓ ተማሪ ምን እንደሚያሳልፍ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ አጥንቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓና ምዕራፍ ዘልቆ ነው ወደ ድጓ የሚገባው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት በሣር ጎጆው ቀለሙን ይቀጽላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ይለያል። በቃሉ ላይ የተጻፉትን ምልክቶች፣ ድፋቱንና ሂደቱን፣ ቅናቱንና ይዘቱን፣ ቁርጡንና ጭረቱን፣ ርክርኩንና ደረቱን፣ ከመምህሩ ጉሮሮ እየሰማ ከጉሮሮው ያዋሕዳል። ምልክቱ ብቻውን አያዘምርም፤ የሰማ ሰው ያስታውስበታል እንጂ ያልሰማ ሰው አይማርበትም። መምህሩ ተቀምጠው የብዙ ተማሪዎችን ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ አንዱ አንዲት ርክርክ ቢስት ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ለይተው ያርሙታል። ተማሪው ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል። ያ መጽሐፍ በመምህር ፊት ታርሞ ሲመሰከርለት ነው መምህር የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ስሕተት ቢያስተምር ስሕተቱ የእሱ ብቻ አይሆንም፤ የመሰከሩለትን መምህር ስም ይነካል። ኀላፊነት ማለት ይህ ነው።

ታሪኩን ከዚህ ላይ በደፈናው አድንቆ ማለፍ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የድጓ ዜማ አንድ ብቻ አልነበረም። ከቤተልሔም ሌላ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ዜማ ነበረ። ቆማ ፋሲለደስ እዚያው እስቴ ውስጥ ናት። የቤተልሔሙ ዜማ በየአገሩ ሲስፋፋ ሌሎቹ እየጠበቡ ሄዱ። የአንዱ ጉባኤ ሚዛን የሁሉም ሚዛን ሲሆን የጎረቤቱ ዕውቀት በዝምታ ይሸፈናል። ይህን የሚያደርገው ክፋት ላይሆን ይችላል፤ የሚሸፈነው ግን ያው ይሸፈናል። በደል ከሩቅ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን ይህን ከመጀመሪያው መያዝ አለብን።

የጦርነቱ ዘመንና የዳግም ክህነት ትእዛዝ

ከ1529 ጀምሮ እስከ 1543 በኢማም አሕመድና በክርስቲያኑ መንግሥት መካከል የተደረገው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ከነመጻሕፍታቸው አጠፋ። ዜማ በቃል የሚተላለፍ ነውና መምህር ሲሞት አብሮ የሚሞት ነገር አለ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። የደረሰውን ጥፋት ያዩ ሰዎች ጆሮ ብቻውን የያዘውን ለዓይንም አደራ ሰጡት ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የሁለቱም ሰዎች ስም አልጠፋም። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በየጉባኤው እየተጠራ እዚህ ደርሷል።

መቶ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ፈተና መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝም በ1626 ንጉሡን ለሮማ ካስማለ በኋላ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግመኛ እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም ዳግመኛ እንዲባረኩ አዘዘ። ይህ ትእዛዝ በአንድ የገጠር ቄስ ጆሮ ምን እንደሚመስል እናስብ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተማረው፣ የቀደሰው፣ ያጠመቀው ሁሉ እንዳልነበረ ሊቆጠር ነው። ዕውቀቱ ተመርምሮ ስሕተት አልተገኘበትም፤ ከመመርመሩ በፊት ባዶ ተባለ እንጂ። ስለ ባሕርየ ክርስቶስ መከራከር የሊቃውንት ወግ ነው፤ ተከራካሪውን ከክርክሩ በፊት አላዋቂ ማለት ግን ከወግ ውጭ ነው። ላስታ ዐመፀ፤ በየአውራጃው ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ጎታ፤ ተማሪው መምህሩን የጠራበት

ከዚያው ግርግር ውስጥ አንድ ሌላ ዓይነት ታሪክ ወጣ። ከዛሬው ወሎ፣ ከመካነ ሥላሴ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያኑ የካቶሊክ ሰባኪዎች ጋር ቀርበው ስለ ነበር አገር ለቀው ሮማ ገቡ። በዚያ በሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ሳሉ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ግዕዝ ሊማር ፈልጎ አገኛቸው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግንቡ አስጠራ፤ ሉዶልፍና እሳቸው በዚያ በጋ ተቀምጠው ሠሩ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ። ስለ ግዕዙና ስለ አማርኛው፣ ስለ መንግሥቱና ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ እንስሳቱና ስለ አዝመራው ያወሩትን ሉዶልፍ ጻፈ።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 አገራቸው ሳይገቡ መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ አረፉ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ ማብራሪያውን በ1691፣ የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ከማን እንደ ሰማ አልሸሸገም። የአባ ጎርጎርዮስን ስም ደጋግሞ ጠራ፤ የጻፉለትን ደብዳቤ አሳተመ፤ መልካቸውንም አስቀርጾ ለአንባቢ አሳየ። አውሮፓ ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ብሎ ያከብረዋል። እሱ ግን አባት እንዳለው በጽሑፍ መስክሯል። በጋይንት ሚዛን ቢመዘን ሉዶልፍ «መምህርህ ማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ነበር። በሁለት ሊቃውንት መካከል፣ በቀለምና በአገር ተለያይተው ሳለ፣ ፍትሕ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

ጠፋ የተባለው መጽሐፍ

ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገባ። የራስ ሚካኤል ስሑልን ዘመን አይቶ፣ በበጌምድር ከሠራዊቱ ጋር ተዘዋውሮ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ነበር። ከእነዚያ መካከል ሦስቱ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጠ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው። የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ የነበረ መጽሐፍ ተገኘ ብለው ደነቃቸው።

ሄኖክ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት የሚቆጠር ነው። በኢትዮጵያ አንድ ቀን አልጠፋም። ጸሐፍት ይገለብጡታል፤ መምህራን ይተረጕሙታል። ለአውሮፓ ጠፍቶ ነበር መባሉ እውነት ነው፤ ለዓለም ጠፍቶ ነበር ማለት ግን የያዙትን ሰዎች ከዓለም ማውጣት ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥፋት የክብር ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የሞቱ ሰዎች ቅርስ ተደርጎ ስለ ተጠና፣ በሕይወት ያሉት ተርጓሚዎች የሚያውቁትን ለመጠየቅ የፈለገ ጥቂት ሆነ። አንድምታው እዚሁ በቃል ሲነገር አውሮፓ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ትፈታ ነበር። ያልተጠየቀ መምህር ብቻውን አይጎዳም፤ ሳይጠይቅ የቀረውም ሰው ያጣል።

ጋፋት፣ ጨጨሆ፣ መቅደላ

በ1860ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የመሣሪያ ሥራ አቋቋሙ። መድፍ እንዲያቀልጡ የታዘዙት ለስብከት የመጡ ጀርመኖችና ስዊሶች ናቸው፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር ስማቸው ይጠራል። በሥራቸው የአገሬው ሠራተኛ ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ በበጌምድር ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው፣ ሸክላ የሚያበጀው ሰው፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ብዙው፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሸሽ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእጁ ይቀበላል፤ ከእሱ ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም። እሳትና ብረትን ያወቀ ሰው ዕውቀቱ እንደ ርግማን ተቆጠረበት። ንጉሡ ሥልጣኔን ሲመኙ የአገራቸው አንጥረኛ ከነሙያው በመንደሩ ዳር በፍርሃትና በንቀት ታጥሮ ተቀምጦ ነበር። ከሩቅ የመጣውን ንቀት የሚወቅስ ብዕር ይህንንም መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ ወቀሳው ከአድልዎ አይጠራም።

በ1867 ጥቅምት ግድም ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋይንት በኩል አልፎ ጨጨሆን ወጣ። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ በሺሕ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው ወራት ፈጀ። የዚያን መንገድ አቀያየስ በታሪክ መጻሕፍት የምናነበው የንጉሡ ብልሃት ተብሎ ነው፤ ብልሃታቸው አይካድም። ዳገቱን የሚያውቀውና ትከሻውን የሰጠው ሰው ግን ስም የለውም።

በሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀች። ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። ከጦሩ ጋር የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ መጥቶ ነበር። ከመጻሕፍቱ የበዙት ጨለቆት ቀሩ፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ለንደን ገብተው ዛሬም በዚያ ይነበባሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ጽፈው ክብረ ነገሥትን አስመለሱ፤ አብረው የጠየቁት የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ግን ሆልምስ በግሉ ይዞት ስለ ነበር ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፍ ያለ መምህሩ ሲሄድ የሚሄደው ብራናው ነው። ድጓ በለንደን መደርደሪያ ላይ ሆኖ አይዘመርም፤ የሚያዘምረው ጉሮሮ ጋይንት ቀርቷል።

1900 ዓ.ም.

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አንድ ዐዋጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ እንዲቀር፣ የተሳደበም እንዲቀጣ አዘዙ። ሠራተኛን መናቅ አገርን የሚጎዳ መሆኑን ከዙፋን የተናገረ ዐዋጅ ነው። በጋፋት ዘመን ያልተባለው ከአርባ ዓመት በኋላ ተባለ። ስድቡን ዐዋጅ ቢከለክለውም ከሰው ልብ ለመውጣት ግን ከዚያ ብዙ ረዝሟል።

በዚያው በ1908 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መምህራኑ በሐና ሳሊብ የሚመሩ ግብጻውያን ነበሩ። የአገሩ የትምህርት ሥርዓት ከፊደል እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ በደረጃ የተቆጠረ ሆኖ ሳለ አዲሱ ትምህርት በላዩ አልተገነባም፤ በጎኑ ተተከለ እንጂ። ዘመናዊው ትምህርት ለአገር ያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሕክምናው፣ ምሕንድስናው፣ ሕጉ ከእሱ መጥቷል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ቅጥርና ደመወዝ የሚያስገኘው ወረቀት ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰጥ ሆነ። ሃያ ዓመት ድጓ የተማረ ሰው በመሥሪያ ቤት መዝገብ ፊት ትምህርት የሌለው ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. 1955፤ በክቡ ቤት ውስጥ ያለው ቤት

ከኦክስፎርድ ትምህርቱን ገና የጨረሰው ቶማስ ፓክንሃም በ1955 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የሚመራው በ1759 የወጣ የሳሙኤል ጆንሰን ልብ ወለድ ነበር፤ ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑልና ልዑላን ስለሚጠበቁበት በተራሮች የታጠረ ሸለቆ የጻፈው። ፓክንሃም የዚያ ታሪክ መነሻ የሆነውን ተራራ ፍለጋ በበቅሎ ደጋና ቆላውን ሲያቋርጥ ጋይንት፣ ቤተልሔም ደረሰ።

ከውጭ ሲያዩአት ቤተልሔም በበጌምድር እንዳሉት ሌሎች አድባራት ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ክቡ ቤት ሌላ ቤት አቅፏል፤ ማዕዘናማ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ ከአክሱም የወረደውን የጥንቱን የሕንፃ ጥበብ የያዘ። ይህ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቀደመ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለው በበጌምድር ምድር ብርቅ ነው። ክቡ ግድግዳና ክዳኑ እንደ ካባ ለብሶት ከዝናብና ከፀሐይ ተጠብቆ ኖሯል። ፓክንሃም ያየውን በ1959 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ጻፈ። የሕንፃ ታሪክ አጥኚው ዴቪድ በክስተንም በ1970 መጽሐፉ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ወዲህ ቤተልሔም በኪነ ሕንፃ መጻሕፍት ስትነሣ ያገኛት ሰው ተብሎ የሚጠራው ፓክንሃም ነው።

ለዚህ ሰው ፍርድ አላጓድልም። በእግሩና በበቅሎው ተንከራትቶ መጥቶ ባይጽፍ ኖሮ ሕንፃዋን ከሌሎች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ጋር አነጻጽሮ የሚያጠና ሰው ላይኖር፣ ቢኖርም ሊዘገይ ይችል ነበር። እሱ ያየው የአንዲት ሕንፃን ዕድሜና ስልት ነው፤ ያንን ለይቶ ለማየት የራሱ ትምህርት አስፈልጎታል። ይህ እውነተኛ አስተዋፅኦ ነው።

ነገር ግን እሱ በደረሰበት ቀን ቤተልሔም ውስጥ የነበረውን እናስብ። የድጓ ጉባኤ ተዘርግቷል። ከየአውራጃው የመጡ ተማሪዎች ጎጆአቸውን ሠርተው ተቀምጠዋል። ቄሱ በየዕለቱ ያንን የድንጋይ ደፍ ተሻግሮ ይቀድሳል። ዕቃ ቤቱ ንዋየ ቅድሳቱን በዚያ ያኖራል። የአጥቢያው ገበሬ ሣር እያጨደ ክዳኑን ያድሳል፤ ድንጋዩ እንዳይረጥብ ከፈለጉት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው እሱ ነው። በመላው ኢትዮጵያ የድጓ መሪጌቶች ሁሉ የሚያውቋት፣ ብዙዎቹም የተመሰከሩባት ደብር ናት። አገር ሁሉ የሚያውቃትን አንድ ሰው አገኛት ለማለት፣ የአገሩን ሁሉ ማወቅ እንደ አለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል። ጥፋቱ የአንድ ወጣት መንገደኛ አይደለም። ጥፋቱ የተጻፈውንና በውጭ ቋንቋ የታተመውን ብቻ ዕውቀት ብሎ የሚቆጥረው ልማድ ነው፤ ይህን ልማድ ደግሞ እኛም ራሳችን ተቀብለን በየመማሪያ መጽሐፋችን ስንደግመው ኖረናል። ዛሬም የቤተልሔምን የድጓ መምህራን ስም የሚፈልግ ሰው ወደ ተማሪዎቻቸው እንጂ ወደ ሕንፃ መጻሕፍቱ አይሄድም።

ጆሮ የሰጡት

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነገሩን ለማቅናት የተነሡ ሰዎች ታዩ። ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት የሰማውን ጽፎ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመ። ልጅ ቢሆንም፣ አውሮፓ የተማረ ቢሆንም፣ ብዕሩን ለአባቱ አንደበት አስገዛ። ይኸው ሰው የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድን ስለ አገሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚናገር ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1970 ኒው ዮርክ ታተመ። የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት የውጭ አንባቢ ከራሱ ከሊቁ ቃል ያነበበበት መጽሐፍ ነው።

በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀመረ። በሺሕ የሚቆጠሩት መጻሕፍት ሲቀረጹ ዋናዎቹ በየደብራቸው ቀሩ፤ ከመቅደላው ጋር ሲነጻጸር የፍትሕ ልዩነቱ ይታያል። እነዚያን ጽሑፎች በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት መርምረው ዝርዝራቸውን ያወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ የሆኑ፣ በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ያገኙ፣ በ2021 ያረፉ ሊቅ ናቸው። ጌታቸው የአገሩን ትምህርት እንደ ባዕድ ነገር ከውጭ ሆነው አልመረመሩትም፤ ዘመናዊውን ስልት ጨምረው ከውስጥ አበሩት።

ዜማውም በተራው ተጠና። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ስብስብ በአዲስ አበባው ሊቅ በብርሃኑ መኰንን ዝማሬ ላይ የቆመ ነው፤ የዘማሪው ስምም በግልጽ ተቀምጧል። በ2008 ደግሞ ዋሽንግተን አካባቢ የሚያገለግሉት ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ሊቃውንት የሚሰጠውን ከፍተኛ የቅርስ ሽልማት ተቀበሉ። የያሬድ ዜማ ሊቅነት በባዕድ አገር በመንግሥት ደረጃ ዕውቅና አግኝቷል ማለት ነው። በአገሩ ግን የአብነት ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው በብዙ መሥሪያ ቤት በር ላይ ባዶ እጁን እንደ መጣ ይታያል።

ከደጅ የቀሩት

እንግዲህ የጋይንትን ጥያቄ ወደ ራሱ ወደ ጋይንትም ማዞር ግድ ይላል። ተማሪው ለዓመታት የበላው ቁራሽ ከማን እጅ ወጣ? ከገበሬ ሚስት እጅ ነው። ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚደጋግማቸው አገር ናቸው፤ ልጆቿን ሳታጠግብ ለማታውቀው ተማሪ ከእንጀራዋ ቆርሳ የሰጠች እናት ባትኖር የቤተልሔም ጉባኤ አንድ ክረምት አይዘልቅም ነበር። እሷ ግን ወደዚያ ጉባኤ ለመማር አትገባም። ልጇ ሴት ከሆነች እሷም አትገባም።

ይህ የችሎታ ጉዳይ እንዳልሆነ ጎጃም ውስጥ ጽላሎ ላይ የታወቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሳይተዋል። ዓይናቸው የማያይ፣ ቅኔ ከአባታቸው የተማሩ፣ ወንድ ተማሪ ሰብስበው ቅኔ ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። አንዲት ሴት በሩ ሲከፈትላት እስከዚያ ከደረሰች፣ በሩ ሳይከፈትላቸው የቀሩት ስንት መምህራት ነበሩ? አንጥረኛው ሲናቅ የጠፋው ሙያ፣ የቆማ ዜማ ሲሸፈን የጠፋው ድምፅ፣ ሴት ልጅ ከጉባኤ ስትቀር ሳይወለድ የቀረው ቅኔ ሁሉ የአንድ በደል ፍሬ ነው። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ምን እንደሚያውቁ ሳይጠየቁ፣ ማን እንደሆኑ ታይቶ ብቻ ተፈርዶባቸዋል።

ስለዚህ የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው፤ ለማንም ከአቅም በላይ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በዲጂታል የሚቀርጽ ሁሉ ከመጽሐፉ ጋር የሚያነበውን መምህር ስምና ድምፅ ይቅረጽ። ስለ ዙር አምባ፣ ስለ ቤተልሔምና ስለ ቆማ የሚጽፍ ተመራማሪ ያስረዱትን ሰዎች በምስጋና ገጽ ዳር ሳይሆን በሥራው መሐል ይጥራቸው። ዩኒቨርሲቲ የድጓ መምህርን ዕውቀት የሚመዝንበት ሚዛን ሲያበጅ ሊቃውንቱ ራሳቸው በመዛኝነት ይቀመጡ። ጉባኤ ቤቶቹም ሚዛናቸውን ለሴት ልጅ ይክፈቱ፤ የተሸፈኑትን ዜማዎች መምህራን ሳያልቁ ያስተምሩባቸው። ዕውቀትን የተቀበለ ሰው ዕዳ አለበት፤ የዕዳው መጀመሪያም ከማን እንደ ተቀበለ መናገር ነው። ጋይንት ይህን ሕግ ለመሪጌቶቿ ከጥንት ጀምራ ታስፈጽማለች። ለሌሎቻችንም ሕጉ ያው ነው።